የእትዬ ወለተሩፋኤል የዝውውር መዝገብ

እትዬ ወለተሩፋኤል ጡረታ የወጣችው ከግብርና መሥሪያ ቤት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ውስጥ የሠራተኞችን ማህደር ስታወጣና ስትመልስ ኖራ፣ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ አንድ ብርድ ልብስና በመስተዋት የተከደነ የምስጋና ወረቀት ተሸልማ ቤቷ ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት የወጥ ቤቷን ቅመሞች በፊደል ተራ ደረደረቻቸው። በሁለተኛው ሳምንት የእኔን ሱቅ ልትደረድርልኝ መጣች።

እኔ ከግቢዋ ትይዩ፣ ከጎንደር ፒያሳ ወረድ ብሎ ባለው መንገድ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። "ሚስጥርዬ፣ ይህ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከፈተና ወረቀት ጋር ምን ያደርጋል?" እያለች ስትጎረጉር፣ ይቺ ሴት ሥራ ካላገኘች ወይ እሷ ወይ እኔ እናብዳለን ብዬ ፈራሁ። አንቺ እያልኩ የማወራት ደፍሬ አይደለም። "አንቱ ስትሉኝ ፋይል የጠፋበት ሰው የመጣ ይመስለኛል" ብላ ሰፈሩን ሁሉ ከልክላለች።

ደግነቱ ሥራው ከራሷ ግቢ ተገኘ። ታናሽ ወንድሟ አላምረው በግቢዋ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል ውስጥ ፕሌስቴሽን ቤት ነበረው። አራት ፒኤስ ቱ፣ አራት ከኋላቸው ያበጡ የድሮ ቴሌቪዥኖች፣ ስምንት የፕላስቲክ ወንበሮች። በዚያው ሰሞን ሚስቱ በሥራ ወደ ባሕር ዳር ስትዛወር እሱም ጓዙን ጠቅልሎ ተከተላት። ማሽኖቹን ግን ትቷቸው ሄደ።

"እትዬ፣ እነዚህ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል" አላት ሲሰናበት። "ፋብሪካው ራሱ መሥራት ካቆመ ስንት ዓመቱ! ለቆራሌው ስጪያቸው።"

"አይሠሩም?"

"መሥራቱንስ ይሠራሉ።"

"የሚሠራ ዕቃ ለቆራሌው አልሰጥም" አለች። አቧራቸውን ጠረገች፣ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል በየቴሌቪዥኑ ላይ አለበሰች፣ በሩንም ከፈተች። ስለ ኳስ የምታውቀው ክብ መሆኑን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት የባጃጅ ሹፌሮች ናቸው። ከመካከላቸው ወንዴ የሚባል፣ ሲሸነፍም ሲያሸንፍም የሚጮህ ልጅ እግር ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ጎል ሊያገባ ሲል ሳተና ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ጥሎ ተነሳ።

"እትዬ፣ በዚህ ጌም እንዴት ነው የምንጫወተው? ይሄ አጥቂ እኮ ጫማውን ከሰቀለ ቆየ! አሁን አሰልጣኝ ሆኗል!"

እትዬ ወለተሩፋኤል መነጽሯን አድርጋ ቴሌቪዥኑን ጠጋ ብላ አየችው። "ጡረታ ወጥቷል ነው የምትለኝ?"

"አዎ! ያኛው ደግሞ ወደ ስፔን ተሸጦ ከሄደ አስር ዓመት ሆኖታል። ይኸው እዚህ ይሮጣል።"

"ሰውየው ከተዛወረ ማህደሩ ለምን አልተዛወረም?"

ወንዴ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። እንዲያውም ፊቷ ተለዋወጠ። የሄደ ሰው እንዳለ ሆኖ የተመዘገበበት ቦታ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ አትችልም፤ ያደገችበት ሙያ አይፈቅድላትም። ያን ዕለት ማታ ሳይሆን ገና ወንዴ ከበሩ ሳይወጣ ነው አላምረው ጋ የደወለችው።

"ማን ያዛውረው እትዬ?" አላት አላምረው። "አሮጌ ጌም ነው። ኩባንያው በየዓመቱ አዲስ ይሠራል እንጂ የድሮውን ዞሮ አያየውም። አዲሶቹ ማሽኖች ላይ በኢንተርኔት ይታደሳል። የአንቺዎቹ ግን ከኢንተርኔት ጋር አይተዋወቁም። ሲዲው ላይ የተጻፈው ተጽፏል።"

ስልኩን ዘግታ የጨዋታውን ማውጫ አንድ በአንድ መክፈት ጀመረች። ምሳ ሰዓት አለፈ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ሱቄ ድረስ እየሮጠች መጣች፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወድቆ።

"ሚስጥርዬ! ኤዲት የሚል አለ! ውስጡ ገብቼ አየሁት። ስም ይታረማል፣ ማሊያ ይቀየራል፣ ሰው ከቡድን ወደ ቡድን ይዛወራል! ለካ ሠሪዎቹ በሩን ክፍት ትተውልን ነበር፤ የሚገባ ሰው ጠፍቶ ነው!"

በማግስቱ ያ ወደ ስፔን የሄደው ተጫዋች በደንቡ ተሸኘ። በደንቡ ስል የምሬን ነው። የለቀቀው ቡድን መሸኛ ተጻፈለት፣ የተቀበለው ቡድን መቀበያ ተጻፈለት፣ ከሁለቱም እኔ ጋ ሁለት ሁለት ኮፒ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ነው ጣቷ ጆይስቲኩን የነካው። ሠርታ ስትጨርስ ሚሞሪ ካርዱ ላይ አስቀመጠችው። ሚሞሪ ካርድ የምትባለው ከክብሪት ሣጥን የማትበልጥ ነገር ናት፤ የተሠራው ሁሉ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ እንዳይጠፋ የምትይዘው እሷ ናት።

እንዲህ ብሎ ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ማህደር፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ቅጽ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የሚመታበት እግር፣ የመጣበት፣ የሄደበት። መረጃውን የምታገኘው ከሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራም ነው። ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ ሲጀምር ቤቷ ውስጥ ያለ ሁሉ ዝም ማለት አለበት፤ ጎል ቢገባም ጩኸት ክልክል ነው። ያመለጣትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በወረቀት ጽፈው ያመጡላታል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ አውሮፓ ውስጥ የዝውውር ጊዜ ስለሆነ፣ እኛ በዝናብ ቤታችን ስንከተት እሷ ፋታ የላትም። ጎረቤት ለማኅበር ሲጠራት "ዘንድሮ የሚሸጠው ሰው በዝቷል፣ ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ" ትላለች።

ማሽኖቹ እርግጥ አርጅተዋል። ሲዲውን የሚያነበው ሌንስ ይደክማል። አንደኛው ማሽን በጎኑ ካልቆመ አያነብም። ሦስተኛው ጭራሽ በጀርባው ተገልብጦ ሲተኛ ነው የሚሠራው። እትዬ ወለተሩፋኤል በላዩ ላይ "ቁጥር 3፣ ተገልብጦ ይሠራል፣ አታቃኑት" ብላ ለጥፋበታለች። ሌንስ በጥጥና በአልኮል መጥረግ፣ ካልሆነም ከሞተ ማሽን አውጥቶ መቀየር ከአንድ የአዘዞ ጠጋኝ ተማረች። አዘዞ ውስጥ ፕሌስቴሽን ቤት ሲዘጋ አሮጌዎቹን ገዝታ ለመለዋወጫ አልጋዋ ሥር አስቀመጠች። አንዴም ሚሞሪ ካርዱ በድንገት ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ የሦስት ወር ሥራ ሄደ። ወንዴ ሊያጽናናት መጣ። እሷ ግን ማህደሮቹን ከመደርደሪያው አውርዳ፣ "ወረቀት ለምን ይመስልሃል የተፈጠረው?" ብላ ከሀ ጀመረችው፤ በዘጠኝ ቀን ጨረሰችው።

በ2014 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ አንዱዓለም የሚባል ወጣት ከእኛ ሁለት መቶ ሜትር እንኳ ሳይርቅ አዲስ ፕሌስቴሽን ቤት ከፈተ። ስድስት ፒኤስ ፎር፣ ግድግዳ የሚያክሉ ቴሌቪዥኖች፣ የቆዳ ወንበር። በሳምንት ውስጥ የእትዬ ወለተሩፋኤል ቤት ጭር አለ። ወንዴ እንኳ ባጃጁን ከእሷ በር ራቅ አድርጎ ያቆም ጀመር።

እሷ አልተደበቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ ሄዳ በሩን አንኳኳች። አንዱዓለም ጨዋ ልጅ ነው፤ ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጣት፣ አምቦ ውሃ አቀረበላት። ግማሽ ሰዓት ያህል አይታ ተመለሰች።

"እንዴት ነው?" አልኳት።

"ሸጋ ነው" አለች። "ሣሩ አንድ በአንድ ይታያል። ላባቸው ይታያል። አንዱ የጫማ ክሩ ተፈቶ አየሁት መሰለኝ።"

"የስም ዝርዝሩስ?"

"እሱ በኢንተርኔት ራሱ ይገባል። ሰው አይነካውም።" ይህን ያለችው ከፈቃድ ስትመለስ ወንበሯን ሌላ ሰው ይዞት እንዳገኘች ሠራተኛ ሆና ነው።

በዚያ ጭር ባለው ሰሞን ነው አያ ገብረ ኪዳን የመጣው። አያ ገብረ ኪዳን ከጭልጋ፣ ከአይከል አካባቢ የመጣ ገበሬ ነው። ሚስቱ የዓይን ሕክምና ስለነበራት በየአሥራ አምስት ቀኑ ሆስፒታል ያመጣታል፣ እሷ ከእህቷ ጋር ወረፋ ስትይዝ እሱ ከተማውን ይዞራል። አንድ ቀን ዝናብ ሲያባርረው እትዬ ወለተሩፋኤል ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ሌላ የትም አልሄደም። ዱላውን ጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ቴሌቪዥኑን ያያል፣ እሷ ቅጿን ትሞላለች።

በሦስተኛው ጊዜ ይመስለኛል እንዲህ አላት።

"እታለም፣ እነዚህ ሁሉ ስማቸው ያለ ነው?"

"አዎ አያ፣ እያንዳንዳቸው ማህደር አላቸው።"

"ከጭልጋ ያለ አለ?"

"የለም።"

"ምነው?"

እትዬ ወለተሩፋኤል ብዕሯን አስቀመጠች። "ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የለማ።"

"እኔ ጠየቅሁ" አለ አያ ገብረ ኪዳን።

አዲስ ቅጽ አወጣች። ዕድሜ ስትለው "ስድሳ ስድስት፣ ሰባትም ይሆነኛል" አለ። ማሽኑ ከአርባ ስድስት በላይ አልቀበልም አለ። እዚህ ላይ እትዬ ወለተሩፋኤል ክፉኛ ተቸገረች። ጡረታ ሲቃረብ ዕድሜ ቀንሺልኝ ብሎ የለመናት ስንት የሥራ ባልደረባ ነበር፤ አንድም ጊዜ አላደረገችውም። ተነስታ መጥታ እኔን አማከረችኝ። በመጨረሻ ቅጹ ግርጌ ላይ "ትክክለኛ ዕድሜው 67 ሲሆን ማሽኑ ስለማይቀበል በ46 ተመዝግቧል" ብላ ጽፋ ፈረመችበት።

"ሃያ አንድ ዓመት ቀነስኩልዎ አያ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ሃያ አንድ ዓመት ሰጥተሽኝ ነው ይቅርታ የምትጠይቂኝ?"

"የሚመቱት በየትኛው እግር ነው?"

"ምን?"

"ኳስ።"

"ኳስ መትቼ አላውቅ። ፍየል ማሳ ስትገባብኝ ግን በግራ ነው የምላት።"

ግራ ብላ ጻፈች። ቁመቱን ግድግዳው ላይ አስጠግታ በሜትር ለካችው። መሮጥ እንደማይሆንለት፣ ቆሞ መጠበቅ ግን ማሽላ ሲጠብቅ የኖረበት ሥራው መሆኑን ሲነግራት በረኛ አደረገችው። ከጢም ዓይነቶቹ ሽበት ያለውን መረጠ። ጋቢ ጠየቀ፤ ጋቢ አልነበረም፤ እጀ ረጅም ማሊያ አለበሰችው። ከዚያ ማንም የማይጫወትበትን አንድ ቡድን ስሙን ፍቃ ጎንደር አለችውና የመጀመሪያውን ሰው አስገባች። አያ ገብረ ኪዳን ራሱን ጎል ውስጥ ቆሞ ሲያየው ዱላው ከእጁ ወደቀ።

"እኔን አይደለም እንዴ? አቋቋሜ ነው! እስቲ አንድ ይምጣብኝ፣ ይምቱብኝ!"

ይህ ወሬ ፒያሳ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ከአይከል የመጡ አንድ ሽማግሌ ጌም ውስጥ ገብተዋል ሲባል ወንዴ ባጃጁን ጥሎ መጣ። አየ። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና "እትዬ፣ እኔስ?" አለ።

"አንተ በአዲሱ ቤት አይደለህ እንዴ?"

"እዚያ ስሜ የለማ!"

ወንዴ የቀኝ ክንፍ አጥቂ ሆነ። ፍጥነቱን በባጃጁ ልክ ካልሞላሽ ብሎ ሲከራከራት ዋለ። ከዚያ የሥጋ ቤቱ ሰውዬ መጣ፣ የባንኩ ጥበቃ መጣ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጡ። የሰፈራችን ሰው በሙሉ ቁመቱ በግድግዳዋ ላይ በእርሳስ ተሰመረ። ወደ አንዱዓለም ቤት የሄደው ደንበኛ ሁሉ ተመለሰ ማለቴ አይደለም፤ ግን ሣሩንና ላቡን ሊያይ እዚያ፣ ራሱን ሊያይ እዚህ መመላለስ ጀመረ።

ቀጥሎ ኢንተርኔት የጠፋበት ጊዜ መጣ። ያ ጊዜ ብዙ ነገር የተዘጋበት ነበር፤ ስለ ሌላው አላወራም። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ አንዱዓለም እትዬ ወለተሩፋኤል በር ላይ ቆሞ አየሁት። ለመግባት ሲያመነታ ጠርታ አስገባችው። እኔም የሚሆነውን ለማየት ኮፒ የማስረክብ መስዬ ተከተልኩ።

"እትዬ፣ ማሽኖቼ አድሱኝ እያሉ ይጠይቁኛል፣ የማድስበት ኢንተርኔት የለም" አላት። "የእኔ ዝርዝር የአምናው ነው። ደንበኛ ሁሉ በእትዬ ቤት የዘንድሮው አለ እያለ ይስቅብኛል።" ከዚያ ፈገግ አለ። "በከተማው ውስጥ የዘንድሮ ዝውውር የገባለት ማሽን ያ ተገልብጦ የተኛው ብቻ ነው።"

እትዬ ወለተሩፋኤል በዚህ ልትደሰት ትችል ነበር። ቢሆንም መነጽሯን ብቻ አደረገች። ከዚያ "የአንተ ማሽን ኤዲት የለውም?" አለችው።

"አለው መሰለኝ። ከፍቼው አላውቅም።"

"እንዴት ሳትከፍተው ኖርክ ልጄ?"

ማህደሮቹን በሁለት ካርቶን ጭነን ወደ አንዱዓለም ቤት ወሰድናቸው። ሦስት ቀን ሠሩ። እሷ ታነባለች፣ እሱ ይጽፋል፤ ሲሳሳት "ፊደሉን እይ!" ትለዋለች። በሁለተኛው ቀን አዲሱ ማሽን ፊት እንደሚሠራ አገኘች። አፍንጫ ይረዝማል፣ ጉንጭ ይሞላል፣ ቅንድብ ይሳሳል። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ሥራ ተጓተተ። የአያ ገብረ ኪዳንን ፊት ለመሥራት ብቻ ግማሽ ቀን ሄደ። የሚያደርገውን እንዲያውቅ ብላ አንዱዓለምንም ራሱን አስገባችው፤ ተከላካይ አደረገችው፤ እሱ አጥቂ መሆን ፈልጎ ነበር።

ኢንተርኔቱ በስንት ጊዜው ሲመለስ የማሽኑ ማደሻ ሁለት ቀን ተኩል ሲወርድ ቆየ። ሲያልቅ አንዱዓለም የመጣውን ዝርዝር ከእሷ ማህደር ጋር አመሳከረው። በመቶ ከሚቆጠሩ ሰዎች መካከል የተለያየው የአንድ ሰው እግር ነበር፤ ቀኝ ብላ የጻፈችው ግራ ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤ የደረሳት ያህል ቁጭ ብላ አነበበችው፣ ቅጹ ላይ ሰርዛ አስተካክላ፣ ቀን ጽፋ ፈረመች። ሰኞ እስኪሆን ድረስ ግን ሬዲዮዋን ትወቅስ ነበር።

በዚህ ዓመት ግንቦት ላይ ሁለቱ ቤቶች ውድድር አዘጋጁ። የመጀመሪያው ጨዋታ በእሷ ቤት በፒኤስ ቱ፣ መልሱ በአንዱዓለም ቤት በፒኤስ ፎር፤ የባጃጅ ሹፌሮች ከሆስፒታል ሠራተኞች። ሁለቱም ወገን የሚጫወተው በጎንደር ቡድን ስለሆነ፣ አያ ገብረ ኪዳን በሁለቱም በኩል ጎል ቆመ። የሚስቱ ዓይን ድኖ ስለነበር ዘንድሮ ሁለቱም አብረው መጥተው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። በአንደኛው ጎል አምስት ሲገባበት፣ በሌላው አራት ሲገባበት ሰውየው መቀመጥ አልቻለም።

"ውረድ! እጅህን ዘርጋ! ኧረ ምን ሆኜ ነው የቆምሁ?" ይጮሃል።

"ቤትም እንዲሁ ነው" አለች ሚስቱ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሹፌሮቹ አሸነፉ። ሆስፒታሉን ወክላ የተጫወተችው ነርስ ሄለን ናት፤ ሆስፒታሉ ካገባው አራት ጎል ሦስቱን ያገባችው እሷ ነበረች። ጨዋታው ሲያልቅ እትዬ ወለተሩፋኤል ጋ ቀረበች።

"እትዬ፣ ሦስቱንም ያገባሁት በወንዴ ስም ነው። የጌሙ ኮሜንታተር እንኳ ወንዴ የሚል ይመስለኛል። እኔ የት ነው ያለሁት?"

እትዬ ወለተሩፋኤል መደርደሪያዋን አየች፣ ከዚያ ቅጹን አየች። ጾታ የሚል መስመር አልነበረውም። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን አለማስገባቷ ከነከናት፤ በማግስቱ ጠዋት አዲስ ቅጽ አርቅቃ ሃምሳ ኮፒ አስነሳችኝ። በአሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ ያለው ፊት ሁሉ የወንድ ነው፤ ረጅሙን ፀጉር መርጣ፣ ትከሻውን አጥብባ፣ የቻለችውን አደረገች። በአንዱዓለም ማሽን ላይ ግን የሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀባት። ሄለን ከሥራ ወጥታ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች መጥታ አየችው።

አዘንብላ አየችው፣ ቀና ብላ አየችው።

"እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን አፍንጫዬን አላበዛሽውም?"

እትዬ ወለተሩፋኤል ሳታቅማማ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ንጹሕ ወረቀት አወጣች። "ማመልከቻ አስገቢ፤ ከአንቺ በፊት አራት ሰው አለ።"

ማመልከቻውን እኔ ሱቅ ቁጭ ብላ ጻፈችው፤ ሁለት ኮፒ አነሳሁላት። ማክሰኞ ዕለት ተወሰነላት። ዛሬ ሳያት አፍንጫዋ በልክ ሆኖ፣ ከመሐል ሜዳ የተቀበለችውን ኳስ ይዛ ወደ ጎል እየሮጠች ነበር።